ሞላው ይሸከማል፣ ዘይቱ ያረግባል፦ በሬዲዮ የሚመሩ ትናንሽ መኪናዎች አሞርዛተር አጠጋገንና አቃኛኘት

በሞላ ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ውዝዋዜው እንዴት እየረገበ እንደሚሄድ የሚገልጸውን እኩልታ ሰሌዳ ላይ ጽፎ መፍታት ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሜካኒክስ ክፍሌ የነበሩት ተማሪዎችም አብዛኞቹ በፈተና ወረቀታቸው ላይ በትክክል ፈትተውታል። ከፈተናው በኋላ በነበረው ሳምንት በሬዲዮ የሚመራ አንድ ትንሽ ፒክአፕ ይዤ ወደ ቤተ ሙከራ ገባሁና ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። ሦስቱ ጎማዎች እንዳረፉ ጸጥ ሲሉ የኋላው ግራ ጥግ ግን ሦስት አራት ጊዜ ነጠረ። «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከፊት የተቀመጠው ተማሪ ሳያመነታ «ዶክተር፣ ሞላው ደክሟል፤ በጠንካራ ይቀየር» አለ። የቀሩትም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

መልሱ ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑንም የሚናገረው ከሳምንት በፊት ራሳቸው የፈቱት እኩልታ ነው። አንድ ተወዛዋዥ አካል ከመርጋቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚነጥር የሚወስነው የአርጋቢው ጥንካሬ ሞላውና መጠነ ቁሱ ተባዝተው ከሚሰጡት ስኩዌር ሥር ጋር ያለው ምጥጥን ነው። ሞላው ሲጠነክር ምጥጥኑ ያንሳል። ምጥጥኑ ሲያንስ ደግሞ መኪናው ይበልጥ ይነጥራል እንጂ አይረጋም። ተማሪው ያቀረበው መድኃኒት በሽታውን የሚያባብስ ነበር ማለት ነው።

በተማሪዎቼ ላይ ለመፍረድ ግን መብት የለኝም። እኔ ራሴ ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ሙከራ ባልደረቦቼ ጋር እነዚህን ትናንሽ መኪናዎች እናሽከረክር ነበር። የእኔው መኪና ከዝላይ ባረፈ ቁጥር እንደ ኳስ ሲነጥር፣ ከተማሪ ኪሴ ገንዘብ አውጥቼ ሁለት ጊዜ ጠንካራ ሞላ ገዝቻለሁ። በዚያው ወቅት ቀን ቀን ስለ ውዝዋዜ እያስተማርኩ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ያኔ ቢገባኝ ኖሮ ብዬ የምቆጨውን ነገር ነው።

መኪናውና አሞርዛተሩ

የምንነጋገርባቸው መኪናዎች ከእውነተኛው መኪና አንድ ዐሥረኛ ገደማ የሚያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ የሚሠሩ፣ ከአስፋልት ውጪ በአቧራ፣ በጠጠርና በሣር ላይ እንዲሮጡ የታሰቡ ናቸው። ከተራ መጫወቻ የሚለያቸው እያንዳንዱ ክፍላቸው ተፈትቶ የሚጠገንና የሚቀየር መሆኑ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሳንድ ስኮርቸርና የካሊፎርኒያው አሶሼትድ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው አርሲ10 በዚህ ዘርፍ ታሪክ ስማቸው ይነሣል። በተለይ ሁለተኛው በአልሙኒየም አካሉና በዘይት በተሞሉ አሞርዛተሮቹ የታወቀ ነበር። የቴክሳሱ ትራክሳስ ደግሞ በውድድር ሜዳ የሚሮጡትን ትልልቅ ፒክአፖች መልክ የያዘውን ስላሽን እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥቷል። በእኔ ቤተ ሙከራ ያለው መኪና የዚሁ ዓይነት ነው፤ ባትሪውን ጨምሮ 2.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 600 ግራም ያርፋል ማለት ነው፤ እርግጥ የኋላው ከፊቱ ይበልጣል።

ሾክ አብዞርበር፣ ጋራዦቻችን አሞርዛተር የሚሉት፣ በትንሿም መኪና ላይ አሠራሩ ያው ነው። በዘይት የተሞላ ቀጭን ሲሊንደር አለ። በውስጡ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ፣ ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ፒስተን ይመላለሳል። ዘንጉ ከሲሊንደሩ በሚወጣበት በታችኛው ጫፍ ዘይቱ እንዳያመልጥ ጎሚኒ፣ ማለትም ኦሪንግ የሚባለው ክብ ላስቲክ፣ ተገጥሟል። ሞላው ከውጭ ይጠመጠማል። ሞላና አርጋቢ በአንድ ዕቃ ላይ ተጣምረው መሠራታቸው ሥራቸው አንድ እንዲመስለን አድርጓል። የስሕተቱም ምንጭ ይኸው ይመስለኛል።

ሞላው የተቀበለውን ኢነርጂ ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠውንም ጥቂት ሳያስቀር መልሶ ይሰጣል። መኪናው አንድ ሜትር ከፍታ ካለው ዝላይ ሲያርፍ 23.5 ጁል ያህል ይዞ ይወርዳል። ለአራቱ ብናከፋፍለው ለእያንዳንዱ ጥግ 6 ጁል ገደማ ይደርሰዋል። ይህን ለሞላ ብቻ ብንተወው ሞላው መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። የሚበላው ዘይቱ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ኢነርጂውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ ብዙ አይደለም። በአንድ አሞርዛተር ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ኩብ ሲሊኮን ዘይት አለ ብንል፣ 6 ጁል የዘይቱን ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንኳ አያሳድገውም። ዝላዩና ጉድጓዱ በተከታታይ ሲደጋገም ግን አሞርዛተሩ በእጅ ሲነካ ሞቅ ብሎ ይገኛል።

በማስመሪያ የሚለካ ድግግሞሽ

ወደ ዘይቱ ከመሄዳችን በፊት ሞላውን እንመልከት። አብዛኛው ሰው የሞላን ትክክለኛነት የሚለካው በጣቱ ተጭኖ ነው። ከዚያ የተሻለ፣ ከማስመሪያ በቀር ምንም የማይጠይቅ ዘዴ አለ። መኪናውን ጎማዎቹ እስኪንጠለጠሉ አንሥተን ከፍታውን እንለካለን፤ ከዚያም መሬት ላይ አስቀምጠን በራሱ ክብደት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እንለካለን። 9.8ን በዚህ ዝቅታ (በሜትር) አካፍለን፣ የውጤቱን ስኩዌር ሥር ወስደን፣ በ6.28 ብናካፍል የመኪናውን ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ እናገኛለን። መጠነ ቁሱን ማወቅ አያስፈልግም፤ የሞላውን ቁጥርም ማወቅ አያስፈልግም፤ ሁለቱም በዝቅታው ውስጥ ተሰውረዋል። ዝቅታው 1 ሴንቲሜትር ከሆነ ድግግሞሹ 5 ሄርዝ ይሆናል። ለ600 ግራም ይህን የሚሰጠው በጎማው ቦታ ሲታይ በሜትር 600 ኒውተን ገደማ ጥንካሬ ያለው ሞላ ነው።

ይህን ከእውነተኛ መኪና ጋር ማነጻጸር ደስ ይላል። ሞላው 25 ሴንቲሜትር የሚጨመቅ ምቹ መኪና ድግግሞሹ 1 ሄርዝ ነው። ሁሉንም ርዝመት በ10 ብናሳንሰው ዝቅታውም በ10 ያንሳል፤ ድግግሞሹ ግን የሚያድገው በ10 ስኩዌር ሥር፣ ማለትም 3.2 ጊዜ ያህል ነው። ትንሿ መኪና የቱንም ያህል ብትቃኝ ስትሮጥ የምትቅበጠበጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፊልም ሠሪዎች የትንንሽ ሞዴሎችን አደጋ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው በዝግታ የሚያሳዩትም በዚሁ ሕግ ተመርተው ነው።

በሌላ በኩል ትንሿ መኪና የምትጠየቀው ከትልቋ የበለጠ ነው። አንድ ሜትር መዝለል ለእርሷ የዕለት ተዕለት ነገር ሲሆን፣ በልኬቷ መሠረት ለትልቁ መኪና ከ10 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ይቆጠራል። ስታርፍ ለመቆም የሚቀራት የአሞርዛተር ጉዞ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ አማካይ ሽምጠቷ ከምድር ስበት ሽምጠት 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሆዷ መሬት ቢመታ ሊገርመን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ የተሳሳተ ግንዛቤ ማንሣት ግድ ይለኛል። በሞላው ራስ ላይ ያለውን ቀለበት ወደ ታች ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አያጠነክረውም። አንድ ሞላ በየሚሊሜትሩ የሚጨምረው ኃይል የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥምጥሙ ስፋትና ብዛት፣ በብረቱም ዓይነት ነው፤ ቀለበቱ አንዱንም አይነካም። የሚያደርገው ነገር መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ ማሳደግ ብቻ ነው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው። ከላይ የሰጠሁት ስሌትም ትክክል የሚሆነው ቀለበቱ ሞላውን ለጥቂት እስኪነካው ድረስ ተላልቶ ሲለካ ነው። አስቀድሞ የተጨመቀ ሞላ ዝቅታውን ይደብቃል፤ ስሌቱም የሌለ ጥንካሬ ይነግረናል።

ዘይትና ቀዳዳ

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው የሲሊኮን ዘይት ነው። ዝልግልግነቱ፣ ማለትም ፈሳሹ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ፣ የሚለካው በብሪታንያዊው ጆርጅ ስቶክስ ስም በተሰየመው መለኪያ፣ በሴንቲስቶክስ ነው። ውሃ 1 ሴንቲስቶክስ ያህል ሲሆን፣ ለእነዚህ መኪናዎች የሚሸጡት ዘይቶች ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 700 ባለው ክልል ይገኛሉ። በጠርሙሱ ላይ «30» ወይም «40» የሚል የዘይት ክብደት የሚባል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። አንዱ አምራች 30 የሚለው ከሌላው 30 ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ገዢው ሴንቲስቶክሱን ይፈልግ። በአሶሼትድ አቆጣጠር ለምሳሌ 30 የሚባለው 350፣ 40 የሚባለው 500 ሴንቲስቶክስ ነው።

ሲሊኮን ለምን ተመረጠ? ሙቀት ስለማይለዋውጠው ነው፤ ይልቁንም እንደ ሌሎቹ ስለማይለዋውጠው። ከ40 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የተለመደው የሞተር ዘይት ዝልግልግነት ወደ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ሲወርድ፣ የሲሊኮን ዘይት ግን 40 በመቶ ያህሉን ይዞ ይቆያል። ሌላም ምክንያት አለ። በተማሪነቴ ዘይት አልቆብኝ ከጎረቤት የተዋስኩትን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሞላሁበት። ለአንድ ቅዳሜ ሠራ። በሚቀጥለው ሳምንት ጎሚኒዎቹ አብጠው ዘንጉ በእጅ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። ከፔትሮሊየም የተገኘ ዘይት አንዳንድ የላስቲክ ዓይነቶችን ሰርጎ ገብቶ ያሳብጣል፤ ሲሊኮን ላስቲክም ከእነዚያ አንዱ ነው።

ወደ ፒስተኑ ቀዳዳዎች ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ያምራል። ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ በሙከራ ካጠኑት አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፑዋዜይ ነበር። ያነሣሣው የደም ዝውውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ ያቀረበው ሕግ እንደሚለው፣ የሚፈስሰው መጠን ከቱቦው ስፋት አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። በእኛ ፒስተን ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። 1.2 ሚሊሜትር የነበረውን ቀዳዳ በትራፓኖ 1.3 ብናደርገው፣ ለዓይን የማይታየው ይህ ለውጥ የማርገብ ኃይሉን በ27 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ዘይቱን ከ350 ወደ 480 ሴንቲስቶክስ አወፍረን ያገኘነውን ሁሉ አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ይወስድብናል። በእጅ የተበሳ ፒስተን ግራና ቀኙ እኩል የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙሉውን ስሌት አንድ ጊዜ ብንሠራው ይጠቅማል። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ፣ 1.2 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ፒስተን በ350 ሴንቲስቶክስ ዘይት ውስጥ እንውሰድ። በፑዋዜይ ሕግ መሠረት በሴኮንድ 1 ሜትር ሲሄድ 40 ኒውተን ያህል ይቃወማል። አሞርዛተሩ ግን ጎማው ላይ ሳይሆን በክንዱ መካከል ነው የታሰረው፤ ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲነሣ እርሱ 6 ብቻ ይጨመቃል እንበል። ይህ ምጥጥን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ በፍጥነቱ፣ አንድ ጊዜ በኃይሉ። ስለዚህ 40ን በ0.36 አባዝተን ከጎማው ቦታ 14 ወይም 15 እናገኛለን። ለ600 ግራምና ለ5 ሄርዝ የወሳኙ እርገባ ግማሽ የሚጠይቀው ደግሞ 19 ገደማ ነው። በወረቀት ላይ የተሠራ ግምት በገበያ ላይ ወደሚሸጠው ዘይት ይህን ያህል መቅረቡ ለእኔ ዛሬም ያስደስተኛል። የአሞርዛተሩን እግር በክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ባለው ቀዳዳ ብናዛውረውና ምጥጥኑ ከ0.6 ወደ 0.5 ቢወርድ፣ ሞላውም አርጋቢውም በአንድ ጊዜ በ30 በመቶ ይለሰልሳሉ። አንዲት ብሎን በመፍታት የሚገኝ ለውጥ ነው።

አሁን የተወዳዳሪዎቹን ትልቁን እንቆቅልሽ እናንሣ። ቀጭን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ፣ ወይም ወፍራም ዘይት በሰፊ ቀዳዳ ተጠቅመን በእጅ ሲገፋ ፍጹም አንድ የሚመስል አሞርዛተር መሥራት እንችላለን። ሜዳ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ከዝላይ ሲያርፍ ድንገት እንደ ድንጋይ ይደድራል። ብዙዎች ዘይቱ ስለሚናወጥ፣ ፍሰቱ ሁከታም ስለሚሆን ነው ይላሉ። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። ፒስተኑ በሴኮንድ 1 ሜትር ሲሄድ ዘይቱ በቀዳዳው ውስጥ በሴኮንድ 35 ሜትር ይወረወራል፤ ያም ሆኖ የሬይኖልድስ ቁጥሩ 120 ገደማ ነው። በቱቦ ውስጥ ፍሰት ሁከታም የሚሆነው ቁጥሩ ወደ 2000 ሲጠጋ ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። የቆመን ዘይት ወደ 35 ሜትር በሴኮንድ ማፍጠን ራሱ ኃይል ይጠይቃል። ይህ ኃይል ከዝልግልግነት ጋር አይገናኝም፤ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። በምሳሌያችን በሴኮንድ 1 ሜትር ላይ ሁለቱ ኃይሎች ይተካከላሉ። ከዚያ በታች ዘይቱ ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ቀዳዳው ይገዛል።

ከዚህ የሚገኘው የሥራ መመሪያ ግልጽ ነው። መኪናው በትንንሽ ጉብታዎች ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከዝላይ ሲያርፍ ደርቆ የሚመታ ከሆነ፣ ዘይቱን ማቅጠን ጉብታውን ያበላሻል እንጂ አይረዳም። ቀዳዳውን ማስፋትና ዘይቱን ማወፈር ያስፈልጋል። በተቃራኒው ሲያርፍ ሆዱ መሬት የሚመታ ከሆነ ቀዳዳውን አጥብቦ ዘይቱን ማቅጠን ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን ጅማት ከሌላው ጋር እያስማማ እንጂ ብቻውን እንደማይከርረው፣ ዘይትና ቀዳዳም አብረው ነው የሚቃኙት።

ጥገናው

ቅኝት ግን ጤነኛ አሞርዛተርን ይጠይቃል፤ የብዙዎቹ ችግር ደግሞ ቅኝት ሳይሆን ብልሽት ነው። አሞርዛተሩን ከመኪናው አውርደን ሞላውን ከፈታን በኋላ ዘንጉን በእጃችን በዝግታ እናመላልሰው። ጉዞው ከዳር እስከ ዳር እኩል መከበድ አለበት። መሐል ላይ በድንገት ቀለል ብሎ ችፍ ችፍ የሚል ድምፅ ካሰማ አየር ገብቶበታል። ዘንጉ እርጥብ ሆኖ አቧራ ከተለጠፈበት ጎሚኒው አልቋል። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ዘንጉ ተጣምሟል ወይም ተጭሯል። ጨርሶ እስከ መጨረሻው አልገባ ካለ ዘይቱ በዝቷል።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስገርማል። ዘይት አይጨመቅም። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 25 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ 0.18 ሴንቲሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ለዚያ ያህል ዘይት መሄጃ መኖር አለበት። አንዳንዱ አሞርዛተር ከክዳኑ ሥር ስስ የላስቲክ ከረጢት አለው፤ ከጀርባው ያለው አየር ይጨመቃል። ሌላው ከረጢት የለውም፤ ከዘይቱ ጋር ሆን ተብሎ ጥቂት አየር ይተውለታል። የመጀመሪያው ዓይነት ሁልጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል፤ የሁለተኛው ዘይት ከጥቂት ዙር በኋላ አረፋ ይሆናል፤ እስኪያረፋና ካረፋ በኋላ ጠባዩ ይለያያል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛው ግን ለጥገና ይቀልላል።

ከመፍታታችን በፊት ውጪውን በብሩሽ በደንብ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት አዲሱን ጎሚኒ ለማጥፋት ይበቃል። የወጣው ዘይት ጠቁሮ ከተገኘ ፒስተኑ ወይም ሲሊንደሩ እየተፋቀ ነው። ዘንጉን ለመፍታት በፒንሳ መያዝ ግድ ሲሆን ቆዳ ወይም ወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ነው። ባዶ ፒንሳ የሚተወው ጭረት በእያንዳንዱ ምልልስ ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። የዘንጉን ቀጥተኛነት ለማየት በመስታወት ላይ አንከባልሎ ከሥሩ የሚያልፈውን ብርሃን መመልከት ይበቃል። የተጣመመውን ለማቃናት መታገል ዋጋ የለውም፤ ይቀየር። ጎሚኒ ግን ውስጣዊ ስፋቱና ውፍረቱ በሚሊሜትር ከታወቀ ከሌላ ዕቃም ሊገኝ ይችላል፤ ላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ብቻ መጠየቅ ነው። አዲሱን ጎሚኒ ሲያስገቡ የዘንጉን የብሎን ጥርስ በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ዘይት ቀብቶ ማሳለፍ የግድ ነው። ወደዚህች ነጥብ እመለሳለሁ።

ዘይት ሲሞላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ሲሊንደሩን አቁመን፣ ፒስተኑን ወደ ታች ስበን፣ እስከ አፉ ሞልተን፣ ፒስተኑን ከዘይቱ ሳናወጣ ቀስ ብለን እናመላልሳለን፤ ከሥሩ የታፈነው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። አረፋ የሚወጣበትን ፍጥነት የሚነግረን ያው ስቶክስ ነው፤ ፍጥነቱ ከአረፋው ስፋት ስኩዌር ጋር ይሄዳል። በ350 ሴንቲስቶክስ ዘይት ውስጥ 1 ሚሊሜትር የሆነ አረፋ 3 ሴንቲሜትር ለመውጣት 20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ በ10 ያነሰው አረፋ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ዘይቱ ነጣ ብሎ ከታየ እነዚያ ትናንሾቹ አልወጡም ማለት ነው። ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይመከራል።

ክዳኑ ከተጠበቀ በኋላ ዘንጉን ገፍተን ስንለቀው ጥቂት ይመለሳል። ምን ያህል ይመለስ የሚለው እንደ ባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ግራውና ቀኙ እኩል መመለሳቸው ግን ምርጫ አይደለም። እኩል ካልሆኑ መኪናው በቀኝና በግራ መታጠፊያ የተለያየ ጠባይ ያሳያል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በመሪው ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ከዚህ በኋላ የቀረው መኪናውን ተጭኖ መልቀቅ ነው። ከዕረፍት ቦታው አልፎ በመጀመሪያው ርቀት ሩብ ያህል ከፍ ካለ የእርገባ ምጥጥኑ 0.4 ገደማ ነው፤ ለዓይን እስኪያዳግት ድረስ ጥቂት ብቻ ካለፈ 0.7 ነው። ለረባዳ ሜዳ በእነዚህ መካከል ያለው ይስማማል። ጨርሶ እንዳያልፍ አድርጎ ማወፈር በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያማረ ቢመስልም በተከታታይ ጉብታ ላይ ይጎዳል። ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ መኪናው በየጉብታው እየተጨመቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ ያለ አሞርዛተር ይቀራል። በጠጠር መንገድ ላይ እንደ መፋቂያ የተሸረከተውን ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ስሜቱን ያውቀዋል፤ እርግጥ አውቶቡሱን የሚያንገጫግጨው ከወፍራም ዘይት ይልቅ ዘይቱን የጨረሰ አሞርዛተር ሊሆን ይችላል።

ወደ ቤተ ሙከራው ልመለስ። ተማሪዎቹ ሞላውን ከመቀየራቸው በፊት እኩልታውን ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉና ሞላው ሲጠነክር ምጥጥኑ ወዴት እንደሚሄድ እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ተማሪ ማስመሪያ ጠየቀችና ቀለበቱን አላልታ ዝቅታውን ለካች፤ 11 ሚሊሜትር ሆነ። ስሌቱ 4.75 ሄርዝ ይላል። በስልካቸው ቀርጸው፣ ቪዲዮውን አዝግመው ንጥሩን ቆጠሩ፤ ከስሌቱ ብዙም አልራቀም። ሞላው ጤነኛ መሆኑ ተረጋገጠ። አሞርዛተሩ ሲፈታ ዘይቱ ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ፤ ጎሚኒው ደግሞ በአንድ በኩል በስሱ ተቆርጦ ነበር። የቆረጠው የዘንጉ ጥርስ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ በችኮላ፣ ያለ ፕላስቲክ ያስገባሁት እኔው ነበርኩ፤ ይህንንም ለክፍሉ ነገርኩ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የፊቱ ቀኝ አሞርዛተር ዘንግ ላይ እርጥበት ማየት ጀምሬያለሁ። አልነካሁትም፤ የመጪው ሴሚስተር ተማሪዎች እንዲያገኙት ትቼዋለሁ።